የድንጋይ ላይ ዘመዳሞች፦ ከስሜን ገደሎች እስከ ፌደራል ዌይ በረንዳዎች

አዲስ አበባ ከሲያትል የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች አያምኑም፤ ሲያትል በዓለም ሁሉ ስሟ የሚነሣው በዝናቧ ነውና። ቁጥሩ ግን ግልጽ ነው። ከሲያትል በስተደቡብ ካለችው ከፌደራል ዌይ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ ባለው የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት በአማካይ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች።

ልዩነቱ ዝናቡ የሚወርድበት ወቅት ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉን አውርዶ፣ መስከረም ሲጠባ ለፀሐይ ይለቃል። የሲያትል አካባቢ ዝናብ ዶፍ አያውቅም፤ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ከብርዱ ጋር ተዳብሎ ሲያካፋ ይከርማል። በኖቬምበር ወር ብቻ 160 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርድና በጁላይ ወሩን ሙሉ ተጠራቅሞ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ክረምት የሚለው ቃላችን በሁለቱም ቦታ ዝናብን ይዞ ይመጣል፤ ወሮቹ ግን ተገለባብጠዋል።

ለዚህም ነው አገር ቤት የለመዱትን በሶብላ በፌደራል ዌይ አፓርትመንት በረንዳ ላይ የሚተክሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚያዝኑት። በሶብላው ጁላይ ላይ ሁለት ቀን ውኃ ከተረሳ ይጠወልጋል፣ ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያው ብርድ ሲነካው ይጠቁራል። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ወይም ለገና አንድ ወር አገር ቤት ደርሶ ለሚመለስ ሰው በየቀኑ ውኃ የሚጠይቅ ተክል ዕዳ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰውና ለእንዲህ ያለ በረንዳ የተፈጠሩ የሚመስሉ ተክሎች ግን አሉ። ቅጠላቸው ወፍራም ነው፤ ውኃ ቋጥሮ ይይዛል። በእንግሊዝኛው አጠራር ሰኩለንት ይባላሉ፤ ከእነርሱ መካከል ብርድን የሚችሉት ቀንደኞቹ ሲደምና ሴምፐርቪቨም ናቸው።

ድንጋይ ላይ የሚኖር ቤተሰብ

ሲደም ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው። አብዛኞቹ አፈር በሌለበት ወይም በጣም ስስ በሆነበት የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላሉ። እንግሊዞች «ስቶንክሮፕ»፣ የድንጋይ ሰብል እንደማለት፣ ብለው የሚጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሲደም፣ ሴምፐርቪቨምና ሌሎች ዘመዶቻቸው ክራሱላሴ በሚባል ቤተሰብ ሥር ይጠቃለላሉ፤ ቤተሰቡ ወደ 1,400 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት።

ሰኩለንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በረሃን ነው። ይህ ቤተሰብ ግን ተራራንም ይወዳል። ሴምፐርቪቨም የአውሮፓ ተራሮች ልጅ ነው፤ ስሙም በላቲን «ሁልጊዜ ሕያው» ማለት ነው። ንጉሥ ሻርለማኝ በ800 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አካባቢ ለግዛቱ እርሻዎች ባወጣው ደንብ አትክልተኛው ይህን ተክል በቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲያበቅል አዝዟል። ከመብረቅ ይጠብቃል የሚል እምነት ስለነበረ በሰሜን አውሮፓ የገጠር ጣሪያዎች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲተከል ኖሯል።

ፌደራል ዌይም ከዚሁ ቤተሰብ የራሷ ተወላጆች አሏት። ሲደም ስፓቱሊፎሊየም የሚባለው፣ ሰፋ ያለና ብናኝ የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል ያለው ተክል በፒውጀት ሳውንድ ዙሪያ ባሉ የባሕር ዳር ዓለቶች ላይ በራሱ ጊዜ ይበቅላል። ሲደም ኦሬጋነም ከካስኬድ ተራሮች በስተምዕራብ፣ ሲደም ዳይቨርጀንስ ደግሞ ከፍ ብሎ በተራሮቹ ላይ ይገኛል። የሰሜን ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝቦች የሲደም ዳይቨርጀንስን ቅጠል ይመገቡት ነበር። ከዚህ ቤተሰብ ባትሆንም፣ የቁልቋል ዘመድ የሆነችው ትንሿ እሾሃማ ኦፑንሺያ ፍራጂሊስ እንኳ በሳን ሁዋን ደሴቶች ላይ አገሯ ነው።

ኢትዮጵያም አገራቸው ናት

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ደስ የሚል ነገር ይመጣል። ቤተሰቡ በአገራችን ደጋዎች በሰፊው ይኖራል።

በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥርና በድንጋይ ካብ ላይ የሚበቅለው እንዳሁላ የሲደም ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካላንኮ ፔቲቲያና ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1839 በሌፌብቭር ከተመራው የፈረንሳይ ልዑክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ከመጣው ሐኪምና ዕፀዋት ሰብሳቢ አንቷን ፔቲ ነው። ፔቲ አገሩን ዳግመኛ አላየም፤ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ባልደረባው ካርታን ዲሎንም ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ በትኩሳት ሞቷል፤ ካላንኮ ካርቲኒያና የተባለው ሌላው ዝርያ መታሰቢያው ነው። ሁለቱ የሰበሰቡትን አደራጅቶ በሁለት ቅጽ ያሳተመው አሺል ሪሻር ነበር፤ የአቢሲኒያ ዕፀዋት ጥናቱ ከ1847 እስከ 1851 በፓሪስ ወጣ።

ባህላዊ ሐኪሞች የእንዳሁላን ቅጠል ለቁስል ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይህን ልማድ መነሻ አድርገው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ በአይጦች ቁስል ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2013 በሳይንሳዊ መጽሔት አውጥተዋል። ይህ ማለት ግን ቅጠሉን ቀጥፎ መዋጥ ይቻላል ማለት አይደለም። በካላንኮ ወገን ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው ዝርያዎች አሉ፤ ከብትና የቤት እንስሳ በልተውት ይታመማሉ። ድመት ወይም ውሻ ያለው ሰው መትከያውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት።

ዘመዳሞቹ በዚህ አያበቁም። ሲደም ባሌንሲስ የባሌ ተራሮችን ስም ይዟል። ሲደም ኤፒደንድረም ዛፍ ላይ የሚበቅል በመሆኑ በግሪክኛ «በዛፍ ላይ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከሁሉም የሚደንቀው አፍሮቪቬላ ሴሚየንሲስ ነው። ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ስሙም እንደሚነግረን የስሜን ተራሮች ልጅ ነው። ቅጠሎቹ ልክ እንደ አውሮፓው ሴምፐርቪቨም በክብ ተደርድረው ጽጌረዳ መስለው ከገደሉ ጋር ይጣበቃሉ። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት፣ ቀን ፀሐይ በሚያቃጥልበት፣ ውኃው ደግሞ እንደወረደ ወደ ገደሉ በሚንዠቀዠቅበት ቦታ የሚኖር ተክል ነው።

ውኃው የሚንዠቀዠቅበት የሚለውን አንባቢ ልብ ይበል። የበረንዳው ምሥጢርም ያው ነው።

ሌሊት የሚተነፍሱ ቅጠሎች

ተክል ምግቡን ለመሥራት ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ለዚህም በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍታል። ጎመንም ሆነ ቃሪያ እነዚህን ቀዳዳዎች የሚከፍቱት በቀን፣ ፀሐይ ባለችበት ነው፤ አየሩ ሲገባ ውኃቸው በትነት ይወጣል። የክራሱላሴ ቤተሰብ ይህን ኪሳራ የሚያስቀርበት ዘዴ አለው። ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አሲድ ቀይሮ በቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። ሲነጋ በሩን ዘግቶ፣ በፀሐይ ብርሃን ያንኑ አሲድ እየፈታ ምግቡን ይሠራል። ሳይንስ ይህን አሠራር ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ቤተሰብ ስም ነው።

ነገሩን ከቀደሙት አንዱ ሆኖ ያስተዋለው በሕንድ አገር ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ሄይን ሲሆን፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ምላሱ ነበር። የእንዳሁላ የቅርብ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው እንደሚኮመጥጥ፣ ቀትር ላይ ጣዕም እንደሌለው አይቶ ጻፈ፤ ጽሑፉ በ1815 በለንደን ታተመ።

ሲደም አልበም የሚባለው ዝርያ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል። ውኃ ሲያገኝ እንደማንኛውም ተክል በቀን ይተነፍሳል፤ ድርቅ ሲመጣ ወደ ሌሊቱ አሠራር ይዞራል። ስለዚህ የበረንዳው ባለቤት ለሁለት ሳምንት ቢረሳው አይጎዳም። የሚጎዳው ተቃራኒው ሲሆን ነው፤ ሥሩ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከከረመ ይበሰብሳል። ሴምፐርቪቨም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን ሳይቀር ይችላል፤ በሲታክ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ከባዱ ብርድ ደግሞ በጃንዋሪ 1950 የወረደው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። በፌደራል ዌይ እነዚህን ተክሎች የሚገድላቸው ብርዱ ሳይሆን ብርድና ውኃ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

በረንዳ ከግቢ የሚበልጥበት ጊዜ

ፌደራል ዌይ በሲያትልና በታኮማ መካከል ያለች ከተማ ናት። ስሟን ያወረሳት በ1920ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ያለፈው የፌደራል አውራ ጎዳና ነው፤ ከተማ ሆና የተመሠረተችው በ1990 ነው። በዲሴምበር 2025 የሲያትል ቀላል ባቡር ደርሶላታል። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከሲያትል የቤት ኪራይ ሽሽት ወደ ደቡብ የወረዱ ብዙ ቤተሰቦች በእርሷና በአካባቢዋ አፓርትመንቶች ይኖራሉ። ግቢ የላቸውም፤ ያላቸው በረንዳ ነው። ሲያትል ውስጥ በ1973 የተጀመረው ፒ-ፓች የተባለው የጋራ የአትክልት ቦታ ፕሮግራም ለብዙዎች መሬት ሰጥቷል፤ ግን ወረፋ አለው።

በፌደራል ዌይ በረንዳን አረንጓዴ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 የተከፈተው የእንጨት ኩባንያው የዋየርሀውዘር ዋና መሥሪያ ቤት በአረንጓዴ ሸለቆ መካከል ተጋድሞ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ፎቆቹ እንደ እርከን ወደ ኋላ እየተሰበሰቡ ስለሚወጡ የእያንዳንዱ ጠርዝ የተክል መደብ ሆኗል፤ ከሩቅ ሲታይ ሕንፃ ከመምሰል ይልቅ ኮረብታ ይመስላል። ኩባንያው በ2016 ወደ ሲያትል ተዛውሯል፤ ሕንፃው ግን በሥነ ሕንፃ ትምህርት ውስጥ ዛሬም ይጠቀሳል።

በዚያው ግቢ ሁለት የሚጎበኙ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከ700 በላይ የሮዶደንድሮን ዝርያዎችን የያዘው የዕፀዋት ማዕከል ነው፤ ለሲደም ወዳጅ በዚያ የሚስበው የተራራ ተክሎቹ ክፍል ነው። ሁለተኛው በ1989 የተከፈተው የፓሲፊክ ቦንሳይ ሙዚየም ነው። በሙዚየሙ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች በትንንሽ ዝርግ ሳሕኖች ውስጥ ይኖራሉ። የቦንሳይ አሳዳጊዎች ዛፉን የሚተክሉት በተራ አፈር ሳይሆን ፑሚስ በመሳሰሉ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ቀላል ጠጠሮች ውስጥ ነው። ውኃ ይገባል፣ ጥቂቱ በጠጠሩ ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው ወዲያው ይወርዳል። ለሲደምም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አሁን ወደ አፓርትመንቱ እንመለስ። ባለ ግቢው ሰው ሲደሙን መሬት ላይ ሲተክል የስድስት ወር ካፊያ ሲወርድበት ይከርማል። የአፓርትመንት ነዋሪ በረንዳ ግን ብዙ ጊዜ ከበላዩ የጎረቤት በረንዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ አለው። አትክልተኞች እንደ ጉድለት የሚያዩት ይህ ከለላ ለእነዚህ ተክሎች በረከት ነው። የክረምቱን ዝናብ ያስቀርላቸዋል፤ ውኃው መቼና ምን ያህል እንደሚደርሳቸው የሚወስነው ባለቤቱ ይሆናል። የግድግዳው ሙቀትም የበረንዳውን ሌሊት ከሜዳው ሌሊት ያለዝበዋል።

አሠራሩ

ብርሃን ቀዳሚው ነገር ነው። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ይመረጣል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ያገኘ ሴምፐርቪቨም ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀላል፣ ያላገኘው ግን ይረዝማል፣ ይገረጣል። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ለሲደም ባይደክም ይሻላል።

አፈሩ ግማሽ በግማሽ ይሁን፦ ግማሹ ከመደብር የሚገዛ የመትከያ አፈር፣ ግማሹ ፑሚስ ወይም ፐርላይት። ፑሚስ ከጎረቤት ከኦሬጎን ስለሚወጣ በአካባቢው እንደ ልብ ይገኛል። መትከያው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፤ ከወለሉ በትንሽ እግር ወይም በእንጨት ከፍ ካላለ ቀዳዳው ይደፈናል። ከመትከያው ሥር ጠጠር መነስነስ ውኃን ያሳልፋል የሚለው ልማድ ግን ስሕተት ነው። ውኃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተንሳፍፎ ሥሩን ያበሰብሳል። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ የአትክልት ሳይንስ ባለሙያ ሊንዳ ቾከር-ስኮት ይህንን ልማድ ለማስተው ለዓመታት ጽፋለች። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ እንጂ ከሥር አይነጠፍ።

ክብደቱም መታሰብ አለበት። በውኃ የራሰ ተራ አፈር አንድ ሊትሩ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ስፋትና 20 ጥልቀት ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ከ24 እስከ 32 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው። ፑሚሱ ይህን ያቀልለዋል። ሲደም ደግሞ ጥልቀት አይፈልግም፤ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ብዙ ሣጥን ከመደርደር በፊት የኪራይ ውሉን ማንበብ፣ መትከያውን ከበረንዳው መከታ ውጭ አለመስቀል፣ የሚንጠባጠበው ውኃም የታችኛውን ጎረቤት እንዳያስቀይም ሳሕን ማድረግ ተገቢ ነው። በሳሕኑ የተጠራቀመው ውኃ ግን በዚያው ቀን መደፋት አለበት።

ውኃ ማጠጣት በበጋ በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ፣ አፈሩ እስከ ታች ደርቆ ሲገኝ፣ አንዴ አጥግቦ ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከለላ ሥር ላለ መትከያ በወር አንዴ ትንሽ ውኃ ይበቃል፤ ዝናብ ለሚደርሰው ምንም አያስፈልገውም። ማዳበሪያ ሲበዛበት ሲደም ይለሰልሳል፣ ይወድቃል፤ በጸደይ አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ መስጠት ወይም ጨርሶ መተው ይሻላል።

እንደ ጁን 2021 ያለ ሙቀት ሲመጣ ግን ጠንካራዎቹም እርዳታ ይሻሉ። በዚያ ወር በሲታክ ሦስት ቀን በተከታታይ ከ38 ዲግሪ በላይ ተመዝግቦ፣ በ28ኛው ቀን 42 ዲግሪ ደርሷል። በምዕራብ በኩል ያለ የሲሚንቶ በረንዳ በእንዲህ ያለ ቀን ምጣድ ይሆናል። መትከያዎቹን ወደ ግድግዳው ጥላ ማስጠጋትና ከሰዓት በኋላ ነጭ ጨርቅ መጋረድ ይረዳል።

የትኞቹ?

ለጀማሪ ሴምፐርቪቨምን የሚያክል የለም። እናቲቱ በዙሪያዋ ትንንሽ ልጆች ታወጣለች፤ እንግሊዞች «ዶሮና ጫጩቶች» የሚሉት ለዚህ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እናቲቱ ወደ ላይ ተስባ ታብብና ትሞታለች፤ ልጆቿ ቦታዋን ይይዛሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ተክሌ ታመመ ብሎ ይደነግጣል።

ከአገሬው ዝርያ ሲደም ስፓቱሊፎሊየም፣ በተለይ ኬፕ ብላንኮ የሚባለው ነጭ ቅጠል ያለው ዓይነት፣ ለዚህ አየር ንብረት የተሠራ ነው። አንጀሊና የሚባለው ሲደም በበጋ ወርቃማ ሆኖ ከርሞ በብርድ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ከሣጥኑ ጠርዝ እየተንጠለጠለ ይወርዳል። ረጅሙን ለሚፈልግ ደግሞ ጀርመናዊው ጌኦርግ አረንድስ በ1955 ያወጣው «የመጸው ደስታ» አለ፤ ከኦገስት ጀምሮ ሐምራዊ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ያወጣል፣ ንቦች ይሰፍሩበታል። ክረምት ላይ ግንዱ ይደርቃል። ከሥሩ ግን ትንንሽ እንቡጦች ተደብቀው ስለሚጠብቁ ደርቋል ብሎ መጣል አይገባም።

እንዳሁላ፣ ሬትና ጄድ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ተክል ግን ውርጭ አይችሉም። በበጋ በረንዳ ላይ ይወጣሉ፣ ኦክቶበር ሳያልቅ ወደ ቤት መስኮት ይገባሉ። እነዚህን ተክሎች በክረምት ለማየት ለሚፈልግ ሰው፣ በሲያትል ቮለንቲር ፓርክ በ1912 የተሠራው የመስታወት ቤት የቁልቋልና የሰኩለንት ክፍል አለው።

ማራባቱ ቀላል ነው። ከሲደም አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በጥላ ይቆይና ደረቅ አፈር ላይ ይቀመጣል። ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። አንድ ሣጥን የሞላለት ሰው በሚቀጥለው ጸደይ ለሦስት ጎረቤት ሊያካፍል ይችላል።

ከበረንዳ ወደ ጣሪያ

በ2005 የተከፈተው የሲያትል ባላርድ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያው ላይ ሲደምና ሣሮችን ጨምሮ ከ18,000 በላይ ብዙ ውኃ የማይፈልጉ ተክሎች ተተክለውበታል። በሚሺጋን ዲርቦርን ያለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ጣሪያውን በሲደም አልብሶታል። ተክሉ የሚመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ጣሪያው የዝናቡን ውኃ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቅቃል፣ ሕንፃውን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ አፈሩም ስስ በመሆኑ በግንቡ ላይ አይከብድም።

ይህ ትምህርት ለአዲስ አበባም ይጠቅማል። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች በሺዎች የሚቆጠሩ በረንዳዎች አሏቸው፤ ውኃ ደግሞ በብዙ ሰፈሮች በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ በሚያገኝ ቤት ጄሪካኑ ለተክል አይተርፍም። እንዳሁላና ሬት ግን በጄሪካን አይጫረቱም። ፑሚስ ለብሎኬት መሥሪያ፣ ሬድ አሽ ለመንገድ ሥራ የሚያመላልሰው የአገራችን ገልባጭ መኪና የጫነው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለእነዚህ ተክሎች የሚበጀው አፈር ነው። እዚያ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ መትከያው ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ይበቃል።

ምርጫም አይጠፋም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኢንገር ኖርዳል በጋራ ባዘጋጁት መጽሐፍ እንደሚታየው በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የሬት ዝርያዎች አሉ፤ አንዱ፣ አሎይ ደብራና፣ ስሙን ከደብረ ብርሃን ወስዷል። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምዕራብ ያለው 705 ሄክታሩ የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከልም የአገር በቀል ተክሎች ማቆያ ነው።

ሻንጣና ገደል

በመጨረሻም ለተጓዦች አንድ ነገር መነገር አለበት። ከአገር ቤት የተቆረጠ እንዳሁላ ወይም ሬት በሻንጣ ይዞ ሲታክ መድረስ የናፍቆት ምልክት ይመስላል፤ ሕጉ ግን ከባድ ነው። አሜሪካ አፈር የያዘ ተክል አታስገባም፤ ሥሩ የታጠበ እንኳ ቢሆን ከኢትዮጵያ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቃል። ከተለመደው የመዋቢያ ሬት በቀር የዱር ሬቶች ሁሉና ወፍራም ግንድ ያላቸው ቁልቋሎች ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ፌደራል ዌይ ላይ የሚሸጡት ችግኞች በቂ ናቸው፣ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

ስሜን ተራሮችን የሚጎበኝ ሰው ከዓለቱ ጋር የተጣበቀች አረንጓዴ ጽጌረዳ የመሰለች ተክል ካየ ፎቶ ያንሣት እንጂ አይንቀላት። አፍሮቪቬላ ከኢትዮጵያ ውጭ ሌላ አገር የላትም።